የምናባዊው ዓለም ጭሰኞች

ፌስቡክ የተባለው ኩባንያ ጥቅምት 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ስሙን ወደ «ሜታ» ሲለውጥ የሰማ ሁሉ፣ ሰው በምስሉ ተወክሎ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚዘዋወርበት ዓለም ትናንት የተፈጠረ ሳይመስለው አልቀረም። የለም! «ሰከንድ ላይፍ» ለሕዝብ የተከፈተው በ1995 ዓ.ም. ነበር። እዚያ ሰው መሬት ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፣ ልብስ ነድፎ ይሸጣል።

ለመሆኑ ያ መሬት የማን ነው? ስለ ስዕሉ ማማር የሚጽፍ ሐያሲ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ዘሏት ያልፋል። የሰከንድ ላይፍ ባለቤት ሊንደን ላብ በ1999 ዓ.ም. ዓለሙ የሚታይበትን ፕሮግራም ኮድ ለማንም በነፃ ለቀቀ፤ መሬቱ ያረፈበትን የሰርቨር ፕሮግራም ግን አልለቀቀም። መስኮቱን ሰጥቶ ርስቱን ያዘ ማለት ነው። ቤት የሠራው ሁሉ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ይህን ያዩ ባለሙያዎች በዚያው ዓመት «ኦፕን ሲሙሌተር» የተባለውን ክፍት ሰርቨር መጻፍ ጀመሩ። ዛሬ ማንም በገዛ ኮምፒዩተሩ ዓለም ሊመሠርት፣ «ሃይፐርግሪድ» በሚሉት መንገድም ከአንዱ ሰው ዓለም ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ክፍቱ ዓለም ብዙ ጊዜ ጭር ያለ ነው። ገበያው ከተበተነ በኋላ የደረሱበት ከተማ ይመስላል። የኩባንያው ዓለም ይደምቃል፤ ሰው ደግሞ ሰው ወዳለበት ይሄዳል። የክፍቱ ወገኖች ይህን ሸፋፍነው ማለፋቸው ደግ አይደለም።

ልዩነቱ የሚታየው ባለቤቱ ሲሰለቸው ነው። ማይክሮሶፍት የገዛው «አልትስፔስ ቪአር» መጋቢት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ጓደኝነት የመሠረቱበት፣ ትርኢት ያዩበት፣ ጸሎት ያደረሱበት ሰዎች በየፊናቸው ተበተኑ። ሞዚላም በበኩሉ የ«ሐብስ»ን ሰርቨር ግንቦት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አጠፋ። ነገር ግን የሐብስ ኮድ ቀድሞውኑ ክፍት ነበርና ተጠቃሚዎች ንብረታቸውን አውርደው በራሳቸው ሰርቨር ላይ መትከል ቻሉ፤ ሥራውን የሚያስቀጥል ድርጅትም ተቋቋመ።

ይህ ለእኛ አዲስ ሊሆን አይገባም። በ1980ዎቹ እያንዳንዱ የአማርኛ ኮምፒዩተር ጽሑፍ ፕሮግራም ለፊደላችን የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው፣ የዚያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። ፊደላችን የጋራ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ዛሬ በስልኩ «ሰላም ነው?» ብሎ የሚልክ ወጣት፣ ተቀባዩ ያነበው ይሆን ብሎ አይጨነቅም።

እዚሁ ቤቴል፣ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ ቤቶች አንዳንዶቹን ከድሮ ፎቶግራፎች እያየ በ«ሮብሎክስ» ውስጥ የሚሠራ ወጣት አውቃለሁ። ሥራውን አሳይቶኛል። የእንጨት ሰገነቶቹ ጥላ ሳይቀር ተይዟል፤ የቆርቆሮው ዝገት ግን ትንሽ በዝቶበታል። ሮብሎክስ የኩባንያ ዓለም ነው፤ ያ ሁሉ ሰገነት የቆመው በሰው ሰርቨር ላይ ነው። ለምን መረጥከው ብለው፣ «ጓደኞቼ በሙሉ እዚያ ናቸዋ!» አለኝ። ምን ይባላል? ቤቶቹን መጀመሪያ የሚቀርጻቸው «ብሌንደር» በተባለው ነፃ ፕሮግራም መሆኑን ስሰማ ግን፣ የእያንዳንዱን ቤት ቅጂ «ጂኤልቲኤፍ» በሚሉት ክፍት ፎርማት በፍላሽ እንዲያስቀር ነገርኩት። እስካሁን ሦስቱን አስቀምጧል።