ደንገልና ልጥ

የደንገል ግንድ ሦስት ማዕዘን ነው። በሁለት ጣት ይዘው ሲያዞሩት ጠርዞቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። ከሥሩ እስከ አናቱ አንጓ የለውም፤ አናቱ ላይ ብቻ ቀጫጭን አረንጓዴ ዘለላ ይበትናል። በማጭድ አግድም ሲቆረጥ ሁለት ነገር ይታያል፦ ከውጭ ስስና ጠንካራ ቆዳ፣ ከውስጥ አየር የሞላው ነጭ ስፖንጅ። ስፖንጁን በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ቆዳው ግን እንዲህ በቀላሉ አይበገርም፤ ርዝመቱን ተከትሎ ይሰነጠቅ ይሆናል እንጂ ወርዱን አይበጠስም። ሸምበቆ ሲያጎብጡት አንጓው ላይ ይሰበራል። ደንገል አንጓ ስለሌለው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይጎብጣል። የጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ የቆመው በዚህ ነው፤ ቆዳው ይይዛል፣ ስፖንጁ ያንሳፍፋል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የሐይቅ ከተማ ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተሜው ወደ ጣና ዳር ይወጣል። ከዛፎቹ ሥር ቡና ይፈላል፤ አሳ ይጠበሳል። የሞተር ጀልባዎች እንግዳ ጭነው ወደ ዘጌ ገዳማት ይሄዳሉ። ጉማሬ ለማየት ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍ የሚጓዝም አለ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ ዳር ዳሩን ያልፋል፤ ሽርሽር የወጣውም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል። እኔ ታንኳውን ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተዘቅዝቆ ሲደርቅ ማየት እመርጣለሁ። አሠራሩ አፍጥጦ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ሥራው ከጥንት ጀምሮ የወይጦዎች ነው። ወይጦዎች በጣና ዳርቻ የሚኖሩ፣ በቀድሞው ዘመን በጉማሬ አደን የሚታወቁ ሕዝብ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ጉማሬ ይበላሉ እያሉ ሲያርቋቸው ኖረዋል። የእጃቸውን ሥራ ግን ማንም አላራቀውም። ካህኑም ነጋዴውም ተሳፍሮበታል፤ የዘጌ ማገዶ ባሕር ዳር ገበያ ሲደርስ የኖረው በታንኳ ነው።

መጀመሪያ ማጨድ ነው። ለጋው ግንድ ስለሚጨፈለቅ አይታጨድም፤ ያረጀውም ስለሚሰነጠቅ ይተዋል። የሚፈለገው የጎለመሰው ነው፤ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚደርሰው፣ ከሥሩ አውራ ጣት የሚያህለው ወይም የሚበልጠው። ታጭዶ ዳር ላይ ይሰጣል። ቀኑ እንደ ፀሐዩ ነው፤ የሚታየው ቀለሙ ነው። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሲያደላ፣ ክብደቱም ሲቀልል ለሥራ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከደረቀ ሲያጎብጡት ይንጣጣል።

ለምን እንደሚደርቅ ማስተዋል ይገባል፤ የሥራው ሁሉ ብልሃት እዚህ ላይ ነውና። ደንገል እርጥብ ሆኖ ቢታሰር በኋላ ደርቆ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር እስሩ ይላላል። ደርቆ ከታሰረ ግን ውሃ ሲገባ ያብጣል፤ ሲያብጥ እስሩን ከውስጥ ይገፋዋል፣ እስሩም ይጠብቃል። ስለዚህ ታንኳው ዳር ላይ ከሚሆነው ይልቅ ውሃ ላይ ሲሆን ይጠነክራል። ሠሪው ውሃው እንደሚገባ ያውቃል፤ ሊከለክለውም አይሞክርም። ቀድሞ ቦታ አበጅቶለታል።

ከዚያ ማሰር ነው። ደንገሉ ክንድ በሚያህል ውፍረት በነዶ በነዶ ይለያል። የአንድ ግንድ ርዝመት ለታንኳው ስለማይበቃ ግንዶቹ ይቀጣጠላሉ፤ መቀጣጠያቸው ግን አንድ ቦታ ላይ አይውልም። አንዱ የሚያልቅበት ቦታ የሌላው ወገብ ነው። ወፍራሙ ሥር ወደ መሐል፣ ቀጭኑ አናት ወደ ዳር ይሆናል። እንዲህ ሲደረደር ነዶው ያለ ምንም መቁረጥ ራሱ መሐሉ ደልቦ ጫፉ ይሾላል። የታንኳው ቅርጽ የመጣው ከተክሉ ነው። ሠሪው የጨመረበት ድርድሩን ነው።

ማሰሪያው ከዛፍ ቅርፊት የተላጠ ልጥ ነው። ዛሬ የናይሎን ገመድም ይገባበታል፤ ጎጂ አይመስለኝም፣ ግን ናይሎን ይንሸራተታል፤ ልጥ ሻካራ ስለሆነ የደንገሉን ቆዳ ነክሶ ይይዛል። ልጡ እንዳይሰበር ውሃ ውስጥ ይቆያል። የጠፍር አልጋ ሲወጠር ያየ ሰው እዚህ የሚፈሰውን ጉልበት ያውቀዋል። ሠሪው ነዶውን በጉልበቱ ይጫናል፤ ልጡን አዙሮ ይስባል፤ የሳበውን በእግሩ ረግጦ ይዞ ሁለተኛውን ዙር ያዞራል። አንዱ እስር ከሌላው የሚርቀው በአንድ ስንዝር ገደማ ነው። ወደ አፍንጫው ሲቃረብ ርቀቱ እየጠበበ ሄዶ አራት ጣት ብቻ ይቀራል፤ ደንገሉ በጣም የሚጎብጠው እዚያ ስለሆነ ነው። ይህን ርቀት የሚለካበት ገመድ ይዞ አላየሁም፤ የሚለካው በእጁ ነው። ደርድሮ ሲጨርስ ግን እስሮቹ በቀለም የተሰመሩ ያህል እኩል ናቸው።

ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጋጥመው እርስ በርስ ይጠፈራሉ፤ የዳሮቹ ከመሐሉ ከፍ ብለው ይታሰራሉ። ከዚህ በኋላ አፍንጫው ይነሳል። ጫፎቹ ተሰብስበው አንድ ላይ ይታነቃሉ፤ በልጥ ተስበው ወደ ላይ ይቀናሉ። የኋላው የፊቱን ያህል አይነሳም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ አገሩ የደንገል ጀልባ ሲጽፍ፣ ከሥር እንደ ጀርባ አጥንት የሚሆን የግራር እንጨት እንደሚገባበት፣ ደንገሉም በእሱ ላይ እንደሚሰፋና በሁለቱም ጫፍ ተሰብስቦ እንደሚታሰር ገልጿል። መሰብሰቡና ማሰሩ እስከ ዛሬ ያው ነው።

አንድ ሰው የሚይዘው ታንኳ ርዝመቱ ከስምንት እስከ አሥር ክንድ ይሆናል፤ ወርዱ ግን ከሁለት ክንድ አይዘልም። ጠበብ ማለቱ ለቀዛፊው ነው፤ ተቀምጦ በግራም በቀኝም ውሃውን መድረስ አለበት። ለማገዶ የሚሠራው ይረዝማል፣ ይሰፋልም።

ከውስጥ ሌላ ሥራ አለ። በታንኳው ሆድ ውስጥ ወፍራም የደንገል ነዶ ይነጠፋል፤ ሰውም ጭነትም የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው። ትራስ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። ዋናው ሥራው ከፍታ መስጠት ነው። ውሃ በግንዶቹ መካከል ሰርጎ እስከ ሐይቁ ልክ ድረስ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ አይወጣም። መቀመጫው ከዚያ ልክ አንድ ጋት ከፍ ካለ ተሳፋሪው ደረቅ ይቀመጣል። የእንጨት ጀልባ ቢበሳ ውሃ ሞልቶት ይሰምጣል። ታንኳ የሚሞላ ባዶ ሆድ የለውም፤ የሚያንሳፍፈው እያንዳንዱ ግንድ በየራሱ የያዘው አየር ነው። አሥር ግንድ ቢሰበር የቀሩት ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

መቅዘፊያውም እንደዚሁ ቀላል ነው፦ ጠፍጣፋ ምላስ የሌለው ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ። ቀዛፊው መሐሉን ይዞ አንዱን ጫፍ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ያጠልቃል። ምላስ ያለው መቅዘፊያ ያፈጥነው ነበር ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ዳር ዳሩን ሲሄድ ግን ዘንጉ ጭቃውን እየረገጠ ይገፋል፤ በደንገሉ ጫካ መካከልም ሳይጠላለፍ ይወጣል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ለእንዲህ ያለ ውሃ ዘንግ ይበቃል።

የእስሩን ነገር ያለ ምክንያት አላበዛሁትም። የጣና ደንገል አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተፈትኗል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ለ«ራ» መርከቡ 12 ቶን ደንገል ከጣና አሳጭዶ ወደ ግብፅ ወሰደ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች 15 ሜትር አድርገው አሰሯት፤ ከሞሮኮ የሳፊ ወደብም ተነሳች። ደንገል በጨው ውሃ ሁለት ሳምንት አይቆይም ያሉ ነበሩ። ወደ ሁለት ወር ቆየ። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ባርቤዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ግን ተጓዦቹ ትተዋት ወጡ። ደንገሉ አልበሰበሰም፤ የተበጠሰው ገመዱ ነው። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ ከተቀለበሰው የመርከብ ጭራ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ አለ። የ«ራ» ሰዎች አስፈላጊ ስላልመሰላቸው አስቀርተውት ነበር። ጭራውን ወጥሮ የሚይዘው እሱ ኖሯል፤ እሱ ስለሌለ ጭራው ሰመጠ፣ ማዕበሉም የጎን ነዶዎችን ፈታ።

በዓመቱ «ራ 2» ተሠራች፤ ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ ነበር። ሠሪዎቹ ግን በደቡብ አሜሪካ ተራሮች መካከል ከሚገኘው ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች ነበሩ። እነሱ ሁለት ትልልቅ ጥቅሎች ሠሩ፤ በመካከላቸው አንድ ቀጭን ጥቅል አስገቡ። ረጅም ገመድ ሳይቆርጡ ከቀጭኑ ወደ ትልቁ እያዞሩ ጠመጠሙ። ገመዱ በተሳበ ቁጥር ትልልቆቹ ወደ መሐል ይገባሉ፤ ቀጭኑ በመካከላቸው ይጠፋል። ቋጠሮው ከውጭ አይታይም። ይህች መርከብ 12 ሜትር ብትሆንም በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ዛሬ ኦስሎ፣ ኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ተክሉ ያው ነበር፤ ልዩነቱ አስተሳሰሩ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ለእንግዳ የሚሸጡ ትንንሽ ታንኳዎች አሉ። ቅርጻቸው ያምራል፣ አፍንጫቸውም ይነሳል። ሆኖም ታንኳው ሲያንስ ደንገሉ አብሮ አያንስም፤ ሦስትና አራት ግንድ ብቻ ይገባል፣ እስሩም ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ይቀራል። የሠሪው ሙያ ያለው በብዛቱና በርቀቱ ውስጥ ስለሆነ ትንሹ ላይ አይታይም። ማየት የሚፈልግ ሰው ትልቁን ይይ።

ትልቁም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። በየቀኑ የሚሠራበት ታንኳ ጥቂት ወር ያገለግላል። ማታ ማታ ከውሃ ይወጣል፣ ይንጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ስፖንጁ ውሎ አድሮ ይፈርሳል፣ ታንኳውም ይከብዳል። ያን ጊዜ ሌላ ይታሰራል። ስለዚህ ሙያው የሚኖረው ደንገሉ አጠገብ ካለ ብቻ ነው። ደንገል ሥሩ ካልተነካ ታጭዶ መልሶ ይበቅላል። ሥሩ ተነቅሎ ዳርቻው ሲታረስ ግን አይመለስም፤ በጣና ዙሪያ ብዙ ቦታ የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ውሃውን ሸፍኖ ዳሩን ከታንኳ ለይቶታል። ሩቅ ሄዶ አጭዶ በሚመጣ ደንገል የሚሠራ ሰው ንጣፉን ያሳሳል ብዬ እፈራለሁ፤ ደንገል የቆጠበ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥበው የውስጡን ንጣፍ ነውና።

እሑድ ታንኳ ላይ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው ከመቀመጡ በፊት ሦስት ነገር ቢመለከት ደስ ይለኛል። አፍንጫው ሥር እስሮቹ ተጠጋግተዋል ወይ? የአንዱን ዙር ልጥ በጣት ሲያነሱት ይነሳል ወይስ እምቢ ይላል? ንጣፉ ከጎኖቹ ምን ያህል ዝቅ ብሏል? ባለታንኳው እንዲህ ሲታይለት ይገባዋል፤ ታንኳው ከታሰረ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ደንገሉን ከየት እንዳመጣው ሳይጠየቅ መናገር ይጀምራል። ከዚያ መሐል ላይ፣ ወፍራሙ የግንዶቹ ሥር ባለበት፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ መቀመጥ ነው።