ኳሷን ተዉና አንገቱን እዩ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል፣ በልጅነታችን አንዲት ተዳፋት ሜዳ ነበረችን። የላይኛው ጎል ከታችኛው በሰው ቁመት ይበልጣል። ያመለጠች ኳስ ወደ ቀበና ወንዝ ትንከባለላለች፤ መጨረሻ የነካት ልጅ ራሱ ወርዶ ያመጣታል፤ ደንቡ ይኸው ነበር። ብዙውን ጊዜ ወራጁ እኔ ነበርኩ።

ከሜዳው ጠርዝ፣ ድንጋይ ላይ፣ ጋቢ ተከናንበው ጨዋታችንን የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ፣ ከታች እስከ ላይ ሳያርፍ የሚሮጠውን የሰፈራችንን ልጅ እያሳየሁ፣ «ጋሼ፣ አዩት? ሳንባው እኮ ብረት ነው!» አልኳቸው። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። «እንጦጦ ሥር ሳንባ ምን ብርቅ ነው? ፍየሉም አለው። ይልቅ ኳሷን ተዋትና የዚያን የቀጭኑን ልጅ አንገት እይ» አሉኝ።

አማካይ ተጫዋች እንዴት እንደሚታይ የምነግራችሁ ከዚያ ድንጋይ ተነስቼ ነው።

እንጦጦ ያበላሸው ዓይን

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ሯጮቹን ያገኛቸዋል። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ዳገቱን ሲበሉት ማየት ያኮራል። ችግሩ፣ ይህን እያየ ያደገ ዓይን ኳስ ሜዳ ሲገባም የሚፈልገው ያንኑ ነው። «ዛሬ ሮጠልን»፣ «ላቡን አፈሰሰ» ብለን እናጨበጭባለን። አንዳንዱ ግን የሚሮጠው ቀድሞ መቆም የነበረበት ቦታ ላይ ስላልቆመ ነው። አትሌት በሮጠው ይመዘናል፤ የመሐል ሜዳ ሰው ሳይሮጥ በቀረው።

ስሙም ሳያሳስተን አልቀረም። ሪጎሬን፣ ቴስታን፣ ካልቾን ከጣሊያን ተዋስን። ለመሐሉ ሰው ግን ከቤታችን ቃል አወጣንና «አማካይ» አልነው። በሒሳብ ትምህርት አማካይ ማለት ከትልቁም ከትንሹም ያልሆነ፣ መካከለኛ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ግን አማካዩ ተከላካዩን ከአጥቂው፣ ቀኙን ከግራው የሚያገናኝ ነው፤ እሱ መካከለኛ ከሆነ ቡድኑ በሙሉ መካከለኛ ይሆናል።

ኳሷ ሳትደርስ

ጨዋታ ስታዩ አንድ አማካይ ምረጡና ለ10 ደቂቃ ከእሱ ላይ ዓይናችሁን አታንሡ። ኳሷ ሌላ ቦታ ስትሆን ምን ያደርጋል? ጥሩው አንገቱን ያዞራል፤ በቀኝ ትከሻው ያያል፣ በግራው ይደግማል፣ ሁለት እርምጃ ይጠጋል፣ እንደገና ያያል። ኳሷ እግሩ ሥር ስትደርስ ጥያቄው ተመልሶ አልቋል። ደካማው ኳሷን ተቀብሎ ነው ቀና የሚለው፤ ያኔ ተጋጣሚው ደርሶበታል።

ይህን ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት አይመችም፤ ካሜራው ኳሷን እንጂ አንገትን አይከተልም። ስታዲየም ከሄዳችሁ ከፍ ያለ ቦታ ያዙ። አዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ሰው መሐል ሜዳውን እንደ ገበታ ያየዋል፤ ታች ያለው የሚያየው የተደራረበ እግር ነው። ከሁሉም ርካሹ ግን ኮተቤም ሆነ ጉራራ የሰፈር ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ነው። መግቢያ የለው፣ ማስታወቂያ የለው፤ አንገት እንደ ልብ ይታያል።

የኳስ ክብደት

ቀጥሎ አቀባበሉን እዩ። ጥሩ አማካይ ጎኑን ከፍቶ ይቀበላል፤ የመጀመሪያ ንክኪው ኳሷን ቀጥሎ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይወስዳታል። በጎርበጥባጣ ሜዳ ላይ ኳስ ብትነጥርበት ማሩት፤ ጀርባውን ለጨዋታው ሰጥቶ ከተቀበለ ግን ሜዳውን አይውቀስ።

ከዚያ ቅብብሉን መዝኑ። «ደረሰች» ብቻ አይበቃም፤ በየትኛው እግር ደረሰች? ተጋጣሚ ከቆመበት በራቀው እግር ላይ ጠንከር ብላ የተላከች ኳስ «ዙር፣ ሜዳው ክፍት ነው» ትላለች። ወደ ቅርቡ እግር ለስለስ ብላ የመጣች ደግሞ «መልሳት፣ ከኋላህ ሰው አለ» ትላለች። አዋቂ አማካይ ሳይጮህ በኳሷ ይናገራል።

አገራችንም በዚህ ላይ የራሷን ፈተና ትጨምራለች። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በአየር የተላከች ኳስ ብዙም የሚይዛት የለም፤ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ እዚህ ርቃ ትሄዳለች። ረጅም ኳስ እየላከ በተደጋጋሚ ከመስመር የሚያስወጣ አማካይ ካያችሁ ከተማው ገና አልገባውም። በእኛ አየር በመሬት አጭር አጭር መቀባበል የሚያዋጣ ስሌትም ነው። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ለዘመናት የወደደው፣ ካሳዬ አራጌም በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የቆመለት ጨዋታ ይኸው ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

ትዕግሥት በሜዳ ምን እንደሚመስል ለማየት ለፈለገ አንድ ጣሊያናዊ እጠራለሁ። ሰኔ 27 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ዶርትሙንድ፤ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ። ጣሊያንና ጀርመን ጎል ሳይቆጠር ተጨማሪው ሰዓትም ሊያልቅ ነው፤ 119ኛው ደቂቃ። ከማዕዘን ምት የተመለሰች ኳስ የቅጣት ክልሉ ጫፍ ላይ አንድሬያ ፒርሎ ጋ ደረሰች።

ሁሉም «ምታት!» ይል ነበር። እሱ አልመታም። ኳሷን ይዞ በሳጥኑ ጠርዝ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፤ ጀርመኖቹ ተራ በተራ ወደ እሱ ተሳቡ። እነሱ በለቀቁት ክፍተት፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ለፋቢዮ ግሮሶ አሳለፈለት። ግሮሶ በግራ እግሩ ጠምዝዞ አገባ። ጣሊያን 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ፍጻሜው አለፈች፤ ዋንጫውንም ወሰደች። ጎሉ በግሮሶ ስም ተመዝግቧል። ያንን ሩብ ደቂቃ የማይሞላ መንሸራተት የሚያይ ዓይን ካላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ከዚያው ቡድን ሌላም ትምህርት አለ። ከፒርሎ ጎን ጄናሮ ጋቱዞ ነበር፤ እንደ በሬ የሚገፋ፣ ኳስ የሚነጥቅ። ፒርሎ ቆሞ የሚያስበው ጋቱዞ ስለሚሮጥለት ነው፤ ጋቱዞም የነጠቃት ኳስ የማትባክነው ፒርሎ ስላለ ነው። አማካይን ለብቻው አትመዝኑት። ሲገባ ከጎኑ ያለው ማን አማረበት? ሲወጣስ ማን ጠፋ? ይህን ጠይቁ።

የሚያታልሉ ሦስት ነገሮች

አንደኛው አብዶ ነው። ሁለት ሰው በአብዶ ያለፈ አማካይ ጭብጨባ ያገኛል፤ ግን ካለፈ በኋላ ቡድኑ ካለበት ቦታ ፈቀቅ አለ ወይ? ሁለተኛው ስታትስቲክስ ነው። ከመቶ 95 ኳስ አሳካ ሲባል ከመደነቃችሁ በፊት ወዴት እንዳቀበለ እዩ፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ለሚሰጥ ሰው ስሕተት ከየት ይመጣል? ሦስተኛው እጅ ነው። እየጮኸ ጣቱን የሚቀስር ሁሉ መሪ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እሱ መሄድ የነበረበትን ቦታ ነው ለሌላው የሚያሳየው።

ዕድሜን መመዘን

የአንድ ቀን ጨዋታ እንዲህ ይታያል። ሙያውን በሙሉ ለመመዘን ግን ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ ቦታው ሲወሰድበት፣ እግሩም ሲደክም፣ ምን ለወጠ?

ፒርሎ ሲጀምር ከአጥቂ ኋላ የሚጫወት ነበር፤ ኢንተር ሚላን ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም። በ1993 ዓ.ም. በውሰት ወደ ብሬሻ ሲመለስ ያ ቦታ የሮቤርቶ ባጆ ነበር፤ አሰልጣኙ ካርሎ ማዞኔ ወደ ኋላ ሳበውና ከተከላካዮች ፊት አቆመው። ኤሲ ሚላን ውስጥ ካርሎ አንቼሎቲ ያንኑ አጸናለት፤ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ32 ዓመቱ ሚላን ያለ ዝውውር ክፍያ ለቀቀው። ወደ ጁቬንቱስ ሄዶ በአራት ዓመት አራት የሊግ ዋንጫ አነሣ። ፍጥነት ኖሮት ስለማያውቅ ዕድሜ የሚወስድበት ብዙ አልነበረም።

የእኛም ሚዛን ከጣሊያን ደም ጋር የተያያዘ ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1927 ዓ.ም. አስመራ ላይ፣ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። ድሬዳዋ በጥጥ ፋብሪካው ክለብ ተጫወተ፤ የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ሆነ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ቀድማ አገባች። ግርማ ተክሌ አቻ ሲያደርግ የሕዝቡ ደስታ ሳይበርድ፣ በደቂቃ ልዩነት፣ ግብፅ ደገመች። ከእንዲህ ያለ ምት በኋላ ስንቱ ቡድን ተበትኗል! መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀር ኳሷን መረብ ውስጥ የከተታት አማካዩ አምበል ነበር። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ጥር 1960 ዓ.ም. አዲስ አበባና አስመራ ዋንጫውን ሲያስተናግዱ ሉቺያኖም 32 ዓመቱ ነበር፤ ሚላን ፒርሎን በቃህ ባለው ዕድሜ። እሱ ግን አሁንም ለኢትዮጵያ ጎል ያገባ ነበር። በኋላ በደርግ ዘመን ተሰዶ ኑሮውን ጣሊያን አደረገ። የአባቱ አገር የፒርሎን ዓይነት ሰው ወለደች፤ የእናቱ ልጅ ደግሞ እስካሁን ያለንን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ አነሣልን።

ሽማግሌው ያሳዩኝ ያ ቀጭን ልጅ ትልቅ ክለብ አልገባም፤ ስሙም ጋዜጣ ላይ አልወጣም። እኔ ግን አማካይ ባየሁ ቁጥር የምለካው በእሱ ነው። በዚያ በጋ ሁላችንም ኳስ ፍለጋ ቀበና ወርደናል፤ ሳንባው ብረት የሆነው ልጅ በቀን ሦስቴም አራቴም። ቀጭኑ ልጅ ሲወርድ ግን አንድ ቀን እንኳ አላስታውስም።