‹ልጆቹ› እና ‹ሰዎቹ›፦ የሽንፈት ወግ በድሬዳዋ ቤተሰብ

እግር ኳስ በሥነ ቃል ጥናታችን ውስጥ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው የስታዲየሙ ጭፈራ ነው። ጭፈራው አውራጅና ተቀባይ ስላለው፣ በፉከራና በሽለላ መንገድም ስለሚሄድ ለንጽጽር ይመቻል። ይሁን እንጂ የብሔራዊ ቡድናችን ደጋፊ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በድል ጭፈራ ሳይሆን በሽንፈት ወሬ ነው። ይህም ወሬ የሚወራው በቤት ውስጥ፣ ቀድሞ በራዲዮ ዙሪያ፣ ኋላም በቴሌቪዥን ፊት፣ ቡና ተፈልቶ ነው። ይህ ጽሑፍ የቤቱ ወሬ የራሱ ቅርጽ ያለው ዘውግ እንደሆነ፣ ቅርጹም ከፉከራ ጋር የሚጻረር እንደሆነ ለማሳየት ይሞክራል።

ድሬዳዋን ለማሳያነት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን (ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ተጫዋች ነበር። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሄደ። ድሬዳዋ ናይጄሪያን፣ ሞሮኮን፣ ሱዳንንና የቀድሞዋን ሻምፒዮን ዛየርን በሜዳዋ አስተናገደች፤ የሀገሩን ቡድን ግን ያጫወተው አዲስ አበባ ነበር። እንግዲህ የድሬ ሰው የዓለሙን ኳስ በዓይኑ አይቶ፣ የራሱን ሽንፈት በራዲዮ ሰማ ማለት ነው። ቡድናችን ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ፤ ሞሮኮ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተደረገው ውድድር በኋላ እስከ ጥር 2005 ዓ.ም. ድረስ፣ ለ31 ዓመት ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ አልተሳተፈችም። በመካከሉ በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተገኘው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫና የደምሴ ዳምጤ የራዲዮ ድምፅ ነበሩ፤ ብዙ ቤተሰብ በዚያ ስንቅ ሩብ ምእተ ዓመት ኖሯል።

ወደ ቋንቋው እንግባ። ፉከራ ተጫዋቹን ‹ጀግና›፣ ‹አንበሳ› ይለዋል። በሽንፈት ማግስት በቤት ውስጥ የሚሰማው ግን ‹ልጆቹ› የሚለው ቃል ነው፤ «ልጆቹ ደከማቸው»፣ «ልጆቹ ምን ያድርጉ»። ጀግና የሚለው ስም ተጫዋቹን ከተናጋሪው በላይ ከፍ አድርጎ ያቆመዋል። ልጅ የሚለው ግን ወደ ቤት አስገብቶ ከራሱ ልጆች ጋር ያስቀምጠዋል። እዚህ ላይ የግሡን መደብ ማስተዋል ያሻል። ድል የለመደ ደጋፊ ሲያሸንፍ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» እያለ መደብ ይለውጣል። ለረዥም ዘመን የተሸነፈ ቤት ግን «ተሸነፍን» ከሚለው አይነቃነቅም፤ ልጁን የሚክድ ወላጅ የለምና።

‹ልጆቹ› ብቻውን አይቆምም፤ ተቃራኒ ገጸ ባሕርይ ይፈልጋል። እሱም ‹ሰዎቹ› ነው። ‹ሰዎቹ› ስም የላቸውም፣ ቁጥር የላቸውም፣ ቢሮ ውስጥ አሉ። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሁለት ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ግጥሚያ ተሰልፎ ሦስት ነጥብ በተነጠቅን ጊዜ፣ ወሬው ወዲያው ይህን ቅርጽ ያዘ፤ ልጆቹ አሸነፉ፣ ሰዎቹ አስነጠቁ። አንዳንድ አንባቢ ይህን የፖለቲካ ምሳሌያዊ ንግግር አድርጎ ሊተረጉመው ይቸኩላል። እኔ አልስማማም። ‹ሰዎቹ› የሚለው ቃል ለውኃ መቆራረጥም፣ ለቀረ ደመወዝም፣ ለሠርግ ቤት ጠብም ያገለግላል። የቤት ውስጥ ትረካ ጥፋትን ከቤተሰቡ አውጥቶ የሚያስቀምጥበት ሥፍራ ነው። ድክመቱም እዚያው ነው፤ ልጆቹን ሁልጊዜ ነፃ ስለሚያወጣ በጨዋታው ውስጥ በርግጥ የሆነውን ለማየት አያስችልም። «በጨዋታ በልጠን በጎል ተሸነፍን» የሚለው የታወቀ አባባል የዚህ ነፃ ማውጣት ቁንጮ ነው። በሥነ ጽሑፍ ዓይን ግን የአባባሉ ውበት ሚዛኑ ላይ ነው፤ ሁለቱ ግሦች ፊት ለፊት ቆመው፣ የመጀመሪያው የሁለተኛውን ሐዘን ያቀልለታል።

የድሬዳዋው ወግ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ‹አቦ› የምትለው ቃል። ሙግቱ ሲጠና፣ አባት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ አንዱ «ተወው አቦ!» ይላል። ያን ጊዜ ክርክሩ ይላላል፤ ሲኒው ለቶና ይቀርባል። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ይህን ግድ የለሽነት አድርጎ ሲወስደው አይቻለሁ። ግድ የለሽነትስ አይደለም፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቅ የሽንፈት ወሬ እንዲህ ያለ ማረፊያ ባይኖረው ጠብ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሌላው የቅርጹ ምሰሶ ‹ከርሞ› ነው። የቺካጎው የቤዝቦል ቡድን ከ1908 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ 108 ዓመት ያለ ዋንጫ ሲቆይ፣ ደጋፊው ከአባት ወደ ልጅ ያወረሰው ቀጣዩን ዓመት የመጠበቅ ልማድ ነው። የኛ ሰው ለዚህ ዝግጁ ቃል ነበረው። በዓል ባለፈ ቁጥር «የከርሞ ሰው ይበለን» የሚል ቤተሰብ፣ ያንኑ ምርቃት ወደ ኳሱ አሻግሮ «ለከርሞ» ይላል። ከዚህም የተነሣ ወጉ በዋንጫ ሳይሆን በቤቱ ዘመን ይቆጥራል። ናይጄሪያ በኅዳር 2006 ዓ.ም. ከዓለም ዋንጫ ያስቀረችን ጊዜ አንዱ ቤት ከክርስትና፣ ሌላው ከተዝካር ጋር አያይዞ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ይህን ወግ የሚሰበስብ ተማሪ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተሰካውን የቤት ታሪክ ካልመዘገበ ግማሹን ጥሎ ይሄዳል። የስፖርት ሰዎች የጻፏቸው ትዝታዎች፣ ለምሳሌ የፍቅሩ ኪዳኔ ‹የፒያሳ ልጅ›፣ ስፖርቱን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ዓይን አላቸው፤ ከራዲዮው ወዲህ ያለውን፣ ባትሪ ድንጋይ እንዲገዛ የተላከውን ልጅ ታሪክ ግን ገና ልብ ወለዳችን አልነካውም።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከ1954ቱ ድል ልክ በ51ኛው ዓመት፣ ኢትዮጵያ በደቡብ አፍሪካ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ተጋጠመች። ግብ ጠባቂዋ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ስታ፣ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣች። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈች። በዚያ ሰሞን የተነገረው ፉከራ በቀላሉ ይገኛል፤ ተቀርጿል።

ዛሬ በድሬዳዋ ቤቶች የእንግሊዝ ክለቦችም ገብተዋል፤ ወጣቱ ለአርሴናልም «ተሸነፍን» ይላል። ስለዚህ መደቡ ብቻውን ዘውጉን አይለይም። የሚለየው ጥያቄው ነው። የሀገሩ ቡድን ለጨዋታ ሲጓዝ፣ ስታዲየም ገብታ የማታውቅ እናት ከጓዳ ብቅ ብላ «ልጆቹ በሰላም ገቡ? ምሳስ በልተዋል?» ትላለች። ስለ አርሴናል ምሳ የሚጠይቅ የለም።