በሰሌን ከፍታ፦ የሰፈር ጋለሪ ምሽት በአዋሽና በሰመራ

የሰፈር ጋለሪ ከሙዚየም የሚለየው ሰው ወደ ውስጥ በሚገባበት ምክንያት ነው። ሙዚየም የሚሄድ ሰው ሥዕል ለማየት አስቦ ከቤቱ ይወጣል። ሰፈር ውስጥ ያለ ጋለሪ የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ስለጠራው፣ ቡና ስለተፈላ፣ ግጥም ስለሚነበብ ወይም ልጁ የሣለችው ወረቀት ስለተሰቀለ ነው። ሥዕሉን የሚያየው ከመጣ በኋላ ነው። ስለዚህ የመክፈቻ ምሽቱ፣ የግጥም ንባቡና የጨዋታው ሰዓት እንደ ማጣፈጫ የሚጨመሩ አይደሉም፤ ቤቱ የሚቆመው በእነሱ ነው። ምሽት ማሰናዳትም እንደ መሣልና እንደ መቅረጽ የራሱ ሙያ አለው።

የአዲስ አበባ ልምድ ይህን በደንብ ያሳያል። ቆንጂት ሥዩም እ.ኤ.አ. በ1996 የከፈቱት አስኒ ጋለሪ ከሥዕሉ ጎን ምሳ በማቅረብም ይታወቅ ነበር። ቦሌ ያለው ማኩሽ ምግብ ቤትንና ጋለሪን በአንድ ጣሪያ ሥር አዋለ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ መነሻው አዝማሪ ቤት ነው፤ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከተረከበው በኋላ የሥዕል ማሳያ ታከለበትና እስክስታ ሊያይ የመጣ ሰው ሸራ አይቶ ይወጣ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የኤልያስ ስሜና የመስከረም አሰግድ ዞማ ሙዚየም ደግሞ የተሠራው ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ጭቃና ጭድ ነው። አራቱም ቤቶች በየራሳቸው መንገድ ቢሄዱም አዲሱን ነገር ያስገቡት ሰው አስቀድሞ በለመደው በር ነው፦ በምሳ፣ በአዝማሪ፣ በጭቃ ቤት። እ.ኤ.አ. በ2024 ካዛንቺስ መልሶ ሲለማ ፈንዲቃ ከቦታው ተነሣ። የእንዲህ ያለ ቤት ኪሳራ በካሬ ሜትር አይለካም፤ ሥዕል ሌላ ግድግዳ ያገኛል፣ የሰፈር ልማድ ግን ከሰፈሩ ጋር ይበተናል።

በአፋር ከተሞች ምሽት የሚያሰናዳ ሰውም መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ የለመደ በር ነው። የአዋሽና የሰመራ እንግዳ ይለያያል። አዋሽ ሰባት ኪሎን የወለዳት ባቡር ነው፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ያሳደጋት፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና ሶማሌው የሚገናኙባት መንገደኛ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ሰመራ ግን በአሳይታ ምትክ የክልል መቀመጫ እንድትሆን የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት። ብዙው ነዋሪዋ በሥራ ምክንያት የመጣ ነው። ዩኒቨርሲቲዋ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከየክልሉ ተማሪ አመጣ፤ የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮችም አጠገቧ ሎጊያ ላይ ያርፋሉ። አዋሽ ላይ ምሽቱ የሚያልፈውን ሰው ማስቆም አለበት። ሰመራ ላይ ደግሞ ከቢሮና ከዶርም የማይወጣውን ከጎረቤቱ ጋር ማስተዋወቅ አለበት።

ጥሪው የሚጀምረው ከዳጉ ነው። ዳጉ የአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው አይተላለፉም፤ ቁጭ ይሉና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰላሙ በየተራ ይጠያየቃሉ። ነጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ ከማን እንደሰማም ይጠየቃል። በእንዲህ ያለ አገር በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አንድ ሳምንት ሙሉ የማይሠራውን በወጉ የተነገራቸው ሦስት ሰዎች በሁለት ቀን ይሠሩታል። በወጉ መንገር ማለት ማን እንደሚያሳይ፣ ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚታይ፣ መቼና የት እንደሆነ አንድ ሳያጓድሉ መናገር ነው። ምሽቱ ከተላለፈም ያው ወሬ በዚያው ቀን በዚያው መንገድ መላክ አለበት፤ ውሸት ያሸከመውን ሰው ዳጉ በስም ያስታውሰዋል።

ሰዓቱን የሚወስኑት ሙቀቱና ሶላቱ ናቸው። በክረምቱ ወራት ሰመራ ላይ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ከሰዓት በኋላ የሚከፈት አውደ ርእይ ወንበር ብቻ ይሰበስባል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመቹት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። አዋቂ አሰናጅ ይህን ክፍተት ለሻይና ለመተዋወቂያ ይተወዋል፤ ንግግሩንና ግጥሙን ከዒሻ በኋላ ያደርገዋል። በረመዳን ምሽቱ ከአፍጥር ይቀጥላል፣ አለዚያ ወደ ሌላ ወር ይዛወራል። መብራቱም ይታሰብበታል፤ ደጅ ላይ የበራ ኃይለኛ አምፖል ከሰው አስቀድሞ ነፍሳትን ይጠራል። የሚሻለው ውጪውን ደብዘዝ አድርጎ ብርሃኑን ወደ ሥዕሉ ብቻ ማዞር ነው። መብራት ቢጠፋ የሚተካ ባትሪም ከቀን ጀምሮ ይሞላል።

አሰቃቀሉ ላይ የመጽሐፉ ደንብና የአገሩ አቀማመጥ ይጋጫሉ። በብዙ ጋለሪዎች የሥዕሉ መካከል ከወለል ከ145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይውላል፤ ልኩ የቆመ ሰው ዓይን ነው። ሰሌን ላይ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ዓይን ግን ከወለሉ 75 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ነው። በደንቡ የተሰቀለ ሥዕል እንግዳውን ምሽቱን ሙሉ አንገቱን እንዲያንጋጥጥ ያደርገዋል። ምሽቱ በመቀመጥ የሚያልፍ ከሆነ መካከሉን ወደ 1 ሜትር ማውረድ የቆመውንም የተቀመጠውንም ያስማማል፤ ትልልቁን ሸራ ዝቅ ባለ መደገፊያ ላይ ማስደገፍም ይቻላል። ተለጣፊ ፕላስተር በሙቀት ስለሚለቅ ብሎኬቱ ተበስቶ በፊሸር ይታሰራል። የማታዋ ፀሐይ የምትመታው የምዕራብ ግድግዳ ባዶ ቢቀር ይመረጣል። በወረቀት የተሠራው ከአቧራው ለመዳን መስታወት ይፈልጋል፤ ሸራው ደግሞ ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል።

ምን ይታይ የሚለው ጥያቄ ብልሃት ይጠይቃል። አፋር ውስጥ ቅርጽና ጥለት ከሸራ በፊት ሰሌን ላይ ነበሩ። ሴቶቹ ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን ይሠራሉ፤ ቤቱን ራሱን በቆልማማ እንጨትና በሰሌን አቁመው፣ ለጉዞ ሲነሡ አፍርሰው በግመል ይጭኑታል። ጊሌ የሚባለው ቆልማማ ጩቤም የአንጥረኛ እጅ ያረፈበት ሥራ ነው። እነዚህ ነገሮች ከሥዕል ጎን ሲቀርቡ የሠሪዋ ስም የሠዓሊው ስም በተጻፈበት የፊደል መጠን ይጻፋል፤ «የአፋር ባህላዊ ዕቃ» ብሎ ማለፍ ባለሙያዋን ከሥራዋ ይነጥላል። ፎቶግራፍ ከሆነ ደግሞ የተነሣው ሰው ጎረቤት ነውና ፈቃዱ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ምስሉን ከእንግዳ ጋር ሳይሆን ብቻውን እንዲያየው ቀን ላይ ይጋበዛል። መግለጫው በላቲን ፊደል በአፋርኛ፣ በግዕዝ ፊደል በአማርኛ ይጻፋል። ማንበብ ለማይችል እንግዳ ደግሞ ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ ወጣት ይመደባል።

የምሽቱ ጨዋታ የሚሰምረው ንግግሩ የዳጉን መልክ ሲይዝ ነው። ማይክሮፎን ይዞ ስለ ራሱ ሥራ የሚያብራራ ሠዓሊ ታዳሚውን ተማሪ ያደርገዋል። ያው ሰው ከሰሌኑ ተቀምጦ ከየት እንደመጣ፣ በመንገዱ ያየውን፣ ከሌላ የሰማውን፣ ከዚያ ሸራው ላይ ያስቀረውን በተራ ቢናገር ግን ሽማግሌዎቹ የሚያውቁትን ሥርዓት ያገኛሉ። ያኔ ጥያቄው ራሱ ይመጣል፦ ይህን ተራራ አይተኸዋል ወይስ ሰምተህ ነው የሣልከው? ለአንድ ሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ሒስ አይገኝም። አፋር ውስጥ ጊኒሊ የሚባለው ሰው ጠንቋይም ገጣሚም ነው፤ ቃልን አክብሮ የማድመጥ ልማድ በአገሩ አለና ግጥም አንባቢው ድምፁን ማግነን አያስፈልገውም። መጀመሪያ የሚናገረው ታላቅ፣ የሴቶች መቀመጫና የልጆች ቦታ አስቀድመው ይታሰቡ።

ገንዘቡ ሥዕሉ ከመሰቀሉ በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የጋለሪውና የሠዓሊው ድርሻ፣ የማጓጓዣው ወጪ፣ ዕቃ ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል በአንድ ገጽ ተጽፎ ይፈረማል። መግቢያው በነፃ ይሁን፤ ሻዩን የሚችል ጎረቤት ቢችለው ምሽቱ የእሱም ይሆናል። የዋጋው ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ዋጋ ከሥዕሉ ቀድሞ ይነበባል።

ሥራው የሚያልቀው ከማውረዱ በኋላ ነው። ያልተሸጠው ተጠቅልሎ ይመለሳል፣ የተበሳው ግድግዳ ይደፈናል፣ ማን እንደመጣና ምን እንደጠየቀ በደብተር ይሰፍራል። በውሰት የመጣው ሰሌን ግን ለልጅ ተሰጥቶ አይላክም። አሰናጁ ራሱ ተሸክሞ ለባለቤቷ ያደርሰዋል፤ ቁጭ ብሎም ማን እንዳየው፣ ስለ ጥለቱ ምን እንደተባለ፣ ይህንንም ከማን አፍ እንደሰማ ይነግራታል።