የገጠመ ከንፈር

ወንጂና አዳማ ያደግን ሰዎች ካሜራ ፊት አፋችንን እንገጥማለን። ኩራት አይደለም፣ ውኃው ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ጉርድ ፎቶ ልነሣ ሄጄ ሳላስበው ሳቅሁ። ፎቶ አንሺው ነጋቲቩን ብርሃን ላይ አስደግፎ በሹል እርሳስ ጥርሴን ጫር ጫር አደረገው። ነጋቲቭ ላይ የጠቆረ ሲታጠብ ይነጣል። እናቴ ደስ አላት። እኔ ግን የሰው ጥርስ የተዋስኩ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት የተነሣበትን ፎቶ ሳይ አስቀድሜ የምፈልገው የተሰረዘውን ነው።

አይዳ ሙሉነህ ዘንድ ስደርስ ይህ መለኪያዬ ተንገዳገደ። አዲስ አበባ ተወልዳ በውጭ አገር ያደገች፣ ለዋሽንግተን ፖስት ፎቶ ያነሣች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አገሯ ተመልሳ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተች ባለሙያ ናት። የምታነሣቸው ሴቶች ፊት ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ተቀብቷል። መጀመሪያ ሳየው ተናድጄ ነበር፤ ፊት ሸፍኖ ፎቶ አነሣሁ ማለት ምን ማለት ነው? ቆይቶ ነው የገባኝ። የእርሳሱ ጭረት እንዳይታወቅ ይለፋል፤ የአይዳ ቀለም ግን «ተቀብቻለሁ» ብሎ ይጮኻል። የሚያታልለው እርሳሱ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ፎቶ እንዴት ይመዘናል? በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። እናንተም ቀለሙን በእጃችሁ ከልሉና ዓይኑን ብቻ እዩት። ያኔም ካፈጠጠባችሁ ሥራው ጸንቷል። ዓይኑ ከሞተ ግን የቀረው የቀለም ሱቅ ማስታወቂያ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤይድ ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ውኃና ስለ ሴቶች የሠራቻቸውን ፎቶዎች ያነሣችው ዳሎል ነው። ዳሎል የእኛው ስምጥ ሸለቆ ራስጌ ነው፤ አዋሽም ወንጂን አልፎ የሚወርደው ወደዚያው ወደ አፋር ምድር ነው። ከቦኖ ሃያ ሊትር ጄሪካን ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ትከሻ ያያል። ውኃ የያዘች ሴት አንድ ወገኗ ይወርዳል፣ የክንዷ ጅማት ይገተራል፣ አንገቷ ያዘነብላል። ከዚያ ስብስብ አንዳንዱ ለእኔ ሸክም የለውም፤ ውበቱ ውኃውን ጠጥቶታል። ይህን የምለው ሥራዋን ስለማከብር ነው፤ ለማላከብረው ሰው ትከሻ አልቆጥርም።

የአንድ ሰው ሥራ ባንድ አዳራሽ ሲሰበሰብ ደግሞ ልማድ ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳየችው ስብስብ ስሙን ያገኘው ከአያቷ አባባል ነው፤ ዓለም ዘጠኝ ናት፣ አሥር አትሞላም። እዚያ ቀዩ ገና ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት አልፎ አልፎ ፊርማ ብቻ ይሆንብኛል። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ «ይህ ቀይ እዚህ ባይኖር ምን ይጎድላል?» በሉ። መልስ ካጣችሁ እለፉት።

እስካየሁት ድረስ ደግሞ ጥርሷን የገለጠች ሴት አላገኘሁባትም። ከንፈሩ ሁሉ ገጥሟል፤ ሰማያዊ ተቀብቶም፣ ቀይ ተቀብቶም። ባየሁ ቁጥር «የወንጂ ልጅ ናት እንዴ?» እላለሁ።