የተነፈገ ፊት፤ ስለ ማኔ የጭምብል ሌሊትና ስለ መተማ ጦርነት ሥዕሎች

ኤድዋር ማኔ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. «የጭምብል ዳንስ በኦፔራ» የሚባለውን ሥዕል ሣለ። ጊዜው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በአክሱም በነገሡ በሁለተኛው ዓመት ነበረ። ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኘው ይህ ሥዕል ቁመቱ 59፥ ወርዱ 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ ጥቁር ልብስ የለበሱ፥ ረጅም ባርኔጣ የደፉ የፓሪስ ባለጸጎች ተጋፍተው ቆመዋል። በመካከላቸው ካሉት ሴቶች አብዛኞቹ ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነዋል። ከሰገነቱ የተንጠለጠለችው ሴት ደግሞ እግሯ ብቻ ይታያል፤ የቀረው አካሏ በሸራው ጠርዝ ተቈርጧል። ግብዣ ነው እንዳይባል ጋባዥም ማዕድም የለበትም። የ1874 ዓ.ም. የፓሪስ ኤግዚቢሽን ዳኞች ሥዕሉን አልተቀበሉትም።

በኢትዮጵያ የግብር ሥዕል ግን አስቀድሞ የሚታየው ጋባዡ ነው። ንጉሡ ከላይ፥ መኳንንቱ በየማዕርጋቸው፥ ጠጅ አሳላፊው ቆሞ፥ አዝማሪውም መሰንቆውን ይዞ ይታያሉ። የእያንዳንዱ ክብር በተሰጠው ስፍራ ስለሚታወቅ ፊቱን የሚሸፍን የለም። ሁለቱን ሥዕሎች በርቀትና በመጠን አሣሣል ብቻ አመዛዝኖ አንዱን ብልህ፥ ሌላውን የዋህ ማለት ፍርድን ያጐድላል። ዋናው ጥያቄ ፊት ለማን ተሰጠ፥ ለማንስ ተነፈገ የሚለው ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይን፥ ክፉዎች በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበትን ጦርነት የሣሉ ሠዓልያንም ይህንኑ ሥርዐት ተከትለዋል፤ የንጉሡ ሠራዊት በሙሉ ፊት፥ ጠላት በጎን ይታያል። ሥርዐቱ ለመታሰቢያ የሚስማማ ነው፤ ስለ ቆላው ኑሮ ምስክር ይሁን ሲባል ግን ይጐድላል። መተማ የጦር ሜዳ ከመሆኗ በፊት ገበያ ነበረች። የጐንደር ጀበርቲ ነጋዴዎች፥ የሱዳን ሰዎች፥ ከዳርፉር በኩል መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮች ይገናኙባት ነበር። የጉሙዝ ሰዎችም በባርነት ተይዘው ይሸጡባት ነበር። ወገንን በሁለት ብቻ የሚከፍል ሥዕል ለእነዚህ ሁሉ ሙሉም ሆነ ግማሽ ፊት አላስቀረላቸውም።

በፓሪስ ጭምብል ያጠለቀችው ሴት ሲነጋ ልታወልቀው ትችላለች፤ ምናልባትም እንዳትታወቅ ወድዳ ያደረገችው ነው። ከሥዕል የተተወ ሰው ግን የሚያወልቀው ጭምብል የለውም። ስለዚህ የቆላውን ታሪክ ከሥዕል የሚያጠና ተማሪ የተሣሉትን ከመዘገበ በኋላ የጐደሉትንም ሊመዘግብ ይገባዋል። ማኔ ስሙን የጻፈው በወለሉ ላይ በወደቀ የዳንስ ካርድ ላይ ነው፤ በዚህም ራሱ ከአዳራሹ ሰዎች አንዱ መሆኑን አልሸሸገም። የመተማን ጦርነት የሣሉት ሠዓልያንም ከደጋው ሠራዊት ወገን ቆመው ሣሉ። ይህን ማወቅ የሥዕሉን ክብር አይቀንስም፤ ለማን እንደሚመሰክር ግን ያስረዳል።