ረጅሙ ቀሚስ፤ ስለ ሉ ሹን «ኮንግ ዪጂ» የቀረበ ሐተታ

ሰው ትምህርትን የሚሻው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ዐውቆ ለማሳወቅ፣ ሁለተኛው በልጦ ለመታየት ነው። እነዚህ ሁለት ምኞቶች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተስማምተው የሚኖሩበት ጊዜ አለ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ውጦ የሚያስቀርበትም ጊዜ አለ። እንዲህ በሆነ ጊዜ በተማሪው ላይ የሚደርሰውን ብቸኝነት ከገለጹት ድርሰቶች መካከል፣ የቻይናው ደራሲ ሉ ሹን በ1919 «አዲስ ወጣት» በተባለው መጽሔት ያሳተመው «ኮንግ ዪጂ» የተሰኘው አጭር ልብ ወለድ በእኛ አስተያየት ከፍተኛ ስፍራ የሚሰጠው ነው። ገጾቹ ጥቂት ናቸው፤ የያዘው ጕዳይ ግን መምህርንም፣ ሹምንም፣ ተማሪንም የሚነካ ነው። በዚህ ሐተታ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ድርሰቱን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ የቻይናን የመንግሥት ፈተና ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ፈተና በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በስዊ ነገሥታት ዘመን ተቋቁሞ፣ በ1905 በዐዋጅ እስኪሻር ድረስ 1,300 ዓመት ያህል ሹማምንት ሲመረጡበት የኖረ ነው። ኮርያ በ958፣ ቬትናም በ1075 ይህንኑ ሥርዐት ተቀብለዋል። የፈተናው ዐላማ በጎ እንደ ነበረ መካድ አይገባም፤ ሹመት በዘር ብቻ እንዳይወረስ፣ የድኻ ልጅም በብዕሩ ወደ ቤተ መንግሥት እንዲደርስ በር ከፍቷል። ነገር ግን በሩ እጅግ ጠባብ ነበር። በናንጂንግ ከተማ በነበረው የፈተና ግቢ ከ20,000 የሚበልጡ ትንንሽ ክፍሎች ተደርድረው ይገኙ ነበር። ተፈታኙ ስንቁንና መኝታውን ይዞ ወደ አንዱ ይገባና፣ ለቀናት ከሰው ተለይቶ ሲጽፍ ይሰነብታል። የዚያ አገር ተማሪ ብቸኝነት የሚጀምረው ከዚህ ክፍል ነው፤ ሉ ሹን የሚያሳየን ግን ከክፍሉ ከወጣ በኋላ የሚጠብቀውን ነው።

ሉ ሹን (1881–1936) ይህን ነገር በሩቁ ሰምቶ የጻፈ ሰው አይደለም። አያቱ ከፍተኛውን የፈተና ማዕርግ ያገኙ ሹም ነበሩ። በ1893 ግን ልጃቸው፣ ማለት የደራሲው አባት፣ ፈተናውን እንዲያልፍ ብለው ለፈታኙ ጉቦ በመላካቸው ተይዘው ለብዙ ዓመታት ታሰሩ፤ የቤተ ሰቡም ሀብትና ክብር በዚያው ተናጋ። ደራሲው ራሱ በ1898 ለወረዳው ፈተና ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም በዚያ መንገድ አልገፋበትም፤ ዘመናዊ ትምህርት ተምሮ ኋላ ወደ ጃፓን ተሻገረ። ስለዚህ ፈተናው በአንድ ቤት ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ሉ በተባለች ትንሽ ከተማ በሚገኝ መጠጥ ቤት ነው። የጉልበት ሠራተኞች አጭር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በባንኮኒው አጠገብ ቆመው ይጠጣሉ፤ ረጅም ቀሚስ የለበሱት ባለጸጎችና የተማሩ ሰዎች ግን ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ምግብና መጠጥ አዘው ይጫወታሉ። ረጅም ቀሚስ ለብሶ ቆሞ የሚጠጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ኮንግ ዪጂ ነው። ቀሚሱ ዐድፏል፣ ተቀዳዷል። በንግግሩ የጥንት መጻሕፍት ቃል ስለሚበዛበት ሰሚዎቹ እኩሌታውን አያስተውሉትም። ዕድሜውን በትምህርት አሳልፏል፤ ነገር ግን የፈተናውን ዝቅተኛ ማዕርግ እንኳ አላገኘም። የእጅ ጽሕፈቱ መልካም ስለ ሆነ መጻሕፍት በመገልበጥ ሊኖር ይችል ነበር፤ መጠጥና ስንፍና ስለሚያሸንፉት ግን የተሰጠውን መጽሐፍና ብዕር ይዞ ይጠፋል። ሥራ የሚሰጠው ሲያጣ ወደ ስርቆት ያዘነብላል። ጠጪዎቹ ስለ ስርቆቱና ስለ ወደቀበት ፈተና እየጠየቁ ያሾፉበታል፤ እሱ ሲያፍርና ሲንተባተብ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ደራሲው የዚህን ሰው ሕይወት በአንድ ልብስና በአንድ መቆሚያ ስፍራ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ቀሚሱ ከሠራተኞቹ ይለየዋል፤ መቆሙ ደግሞ ከተማሩት ይለየዋል። ፈተናው ከመንደሩ ሰው አውጥቶታል፤ ወደ ሌላ ስፍራ ግን አላስገባውም። በሁለቱም ወገን ጓደኛ የሌለው ሰው ሆኖ መካከል ላይ ቀርቷል። ደራሲው ይህን በሐተታ አይነግረንም፤ ሰውዬውን በባንኮኒው ፊት ያቆመዋል እንጂ።

ታሪኩን የሚተርከው በ12 ዓመቱ በዚያ ቤት መጠጥ ለማሞቅ የተቀጠረ ልጅ ነው። ኮንግ ዪጂ አንድ ቀን ወደ ልጁ ቀርቦ፣ ከባቄላው ጋር የሚቀቀለው ቅመም ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ይጠይቀዋል፤ ወደ ፊት የመጠጥ ቤት ባለቤት ሲሆን ለሒሳብ መዝገብ ይጠቅመዋል ብሎም ይመክረዋል። ልጁ ግን እንዲህ ያለ ለማኝ መሰል ሰው እኔን ሊፈትነኝ ነውን ብሎ ይንቀዋል። ሰውዬው ፊደሉ የሚጻፍበትን አራት ዐይነት መንገድ ሊያሳየው ጣቱን በመጠጡ ነክሮ በባንኮኒው ላይ ለመጻፍ ሲዘጋጅ ልጁ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። እኛ የዚህ ድርሰት ልብ በዚህ ስፍራ ይገኛል እንላለን። ኮንግ ዪጂ በዓለም ላይ ያለው ሀብት ዕውቀቱ ብቻ ነው፤ ያንንም በነጻ ሊሰጥ ፈለገ፤ የሚቀበለው አጣ። ትምህርት ለመብለጫ ብቻ የተቋቋመ በሆነበት አገር፣ ያልበለጠ ሰው የሚያውቀው ነገር ዋጋ የለውም፤ እንደ ዕውቀትም አይቈጠርም። የሰውዬው ብቸኝነት ከድኽነቱ ይልቅ ከዚህ የመጣ ነው። በሌላ ጊዜ ለሕፃናቱ ከባቄላው አንድ አንድ ፍሬ ያድላቸውና፣ እንዳያልቅበት ሳሕኑን በመዳፉ ሸፍኖ ይለምናቸዋል። ያለውን የሚያካፍለው እሱ ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የከፋ ነው። ኮንግ ዪጂ ዲንግ ከተባለ ሰው ቤት ሲሰርቅ ይያዛል፤ የጥፋቱን ቃል በጽሑፍ ካስሰጡት በኋላ ሌሊቱን ደብድበው እግሮቹን ይሰብሩታል። ይህ ዲንግ ተራ ባለጸጋ አይደለም፤ የጠቅላይ ግዛቱን ፈተና ያለፈ ባለማዕርግ ነው። ያለፈው የወደቀውን እግር ሰበረ ማለት ነው። ሁለቱም ያነበቡት መጽሐፍ አንድ ነው፤ ምሕረትን ከዚያ መጽሐፍ የተማረ ግን አልተገኘም። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው ምሳሌያችን እዚህ ላይ በትክክል ይውላል። በመጨረሻ ኮንግ ዪጂ በእጁ እየዳኸ መጥቶ አንድ ጽዋ ጠጥቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ብቻ ነው፤ እሱም የሚያስታውሰው 19 ሳንቲም ዕዳ ስላለበት ነው።

የወደቀው እንዲህ ከሆነ ያለፈው ደስተኛ ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ዉ ጂንግዚ (1701–1754) የደረሰው «ሊቃውንት» የተባለው ረጅም ልብ ወለድ ነው። በዚያ ውስጥ ፋን ጂን የተባለ ሰው ሲወድቅ ኖሮ ዕድሜው ከ50 ዓመት ካለፈ በኋላ ያልፋል። የምሥራቹ የደረሰው ቤተ ሰቡ ተርቦ ዶሮ ሊሸጥ ገበያ በወጣበት ቀን ነው። የምሥራቹን ባነበበ ጊዜ በደስታ አብዶ በጭቃ ውስጥ ይሮጣል፤ ወደ ልቡ የመለሰው ዐማቱ ሥጋ ሻጩ በጥፊ መትቶት ነው። ትናንት ይሰድበው የነበረው ዐማት ዛሬ ይሰግድለታል፤ የማያውቀው ባለጸጋም ቤትና ብር ያበረክትለታል። ዉ ጂንግዚ በዚህ ያስቀናል፤ ሉ ሹን ግን የሳቁን አቅጣጫ አዙሮታል፤ በእሱ ድርሰት የሚፈረድበት የሚሳቅበት ሰው ሳይሆን የሚሥቀው ነው።

ይሁን እንጂ ድርሰቱ ጉድለት የለበትም አንልም። ደራሲው ኮንግ ዪጂን ከውጭ ብቻ ስለሚያሳየን፣ በብቸኝነቱ ሰዓት ምን እንደሚያስብ አንሰማም። ደግሞም ፈተናው ለድኻው ልጅ የከፈተውን በር የሚያስታውስ አንድም ቃል የለበትም፤ ይህንም ያልተመለከተ አንባቢ ክፋቱ ሁሉ ከፈተናው ነው ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን ዓመታቱን እናስተያይ። ፈተናው የተሻረው በ1905 ነው፤ ድርሰቱ የታተመው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ሉ ሹን የሞተ ሥርዐት ለመቅበር አልጻፈም፤ ዐዋጁ ሳቁን እንዳልሻረው ለማሳየት ነው እንጂ።

ይህ እውነት መሆኑን ያለንበት ዘመን ይመሰክራል። በቻይና ለዓመታት ተቋርጦ የነበረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በ1977 እንደገና ሲጀመር ከተቀመጡት 5,700,000 ያህል ተፈታኞች መካከል የገቡት 270,000 ያህል ነበሩ፤ በ2024 የተመዘገቡት 13,420,000 ሆነዋል። በደቡብ ኮርያ በፈተናው ቀን የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ክፍል ሲሰጥ አውሮፕላን አይነሣም፣ አያርፍም። በጃፓን ደግሞ አራት ሰዓት የተኛ ያልፋል፣ አምስት ሰዓት የተኛ ይወድቃል ሲባል ኖሯል። በ2023 መጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ የቻይና ወጣቶች ራሳቸውን በኮንግ ዪጂ መስለው፣ ትምህርታችን ልናወልቀው የማንችለው ረጅም ቀሚስ ሆነብን ሲሉ ጻፉ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በከተሞች ከ16 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሥራ ፈላጊ ወጣቶች 21.3 በመቶው ሥራ አልነበራቸውም። የመንግሥቱ ቴሌቪዥን፣ ኮንግ ዪጂ የተቸገረው በመማሩ ሳይሆን የምሁርነት ኵራቱን ትቶ ለመሥራት ባለመፈለጉ ነው ሲል መለሰ።

ይህ መልስ ከፊሉ ትክክል ነው፤ ሉ ሹንም የሰውዬውን ስንፍና አልሸሸገም። ነገር ግን ቀሚሱን ያለበሰው ማን ነው? በልጅነቱ ከቀሚስ ለባሾቹ በቀር ክብር ያለው ሰው እንደሌለ ያስተማረው፣ ጎልማሳ ሲሆን ቀሚስህን አውልቅ ብሎ ሊገሥጸው በቂ ሥልጣን አለውን? አውልቆ በባንኮኒው አጠገብ ቢቆምስ፣ ከሠራተኞቹ መካከል ስፍራ የሚለቅለት ይኖር ነበርን? ወጣቶቹ የጠየቁት ይህንን ነው፤ የቴሌቪዥኑ ምክርም ይህን ጥያቄ አልነካውም።

ፈተና መቅረት አለበት ለማለት ይህን አልጻፍንም፤ ሹመትና ትምህርት ካለ መመዘኛ ሊታደል አይችልም። ለማለት የምንወደው ግን ይህ ነው፤ ፈተና የሰውን ዕውቀት ይመዝን እንደ ሆነ እንጂ ሰውዬውን አይመዝንም፤ የአንድ አገር ትምህርትም የሚመዘነው በሚያሳልፋቸው ብቻ ሳይሆን ያላለፈው ያወቀውን ይዞ በሚገባበት ስፍራ ጭምር ነው። ሉ ሹን መድኀኒቱን አልጻፈልንም። ኮንግ ዪጂ ጣቱን በመጠጡ ነክሮ ሊጽፍ ሲል ፊቱን ያዞረውን ልጅ ግን አሳይቶናል፤ ያ ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ያደረገው በዙሪያው ያሉት ዐዋቂዎች ሲያደርጉት ያየውን ነው።